የ16 ዓመቷ ተማሪ፣ የፍርድ ቤቱ ወረቀትና የአባት ዝምታ

በቨርጂኒያ የሚኖሩ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጽፈውልናል፦ ልጃቸው ሁለተኛ ደረጃን በ16 ዓመቷ አጠናቃ በነሐሴ ወር ሌላ ስቴት ወደሚገኝ ኮሌጅ ትሄዳለች። ለዶርሙም ለሕክምናውም የወላጅ ፊርማ እየተጠየቀች መቸገር ስለማትፈልግ፣ ከወላጅ ሥልጣን ነፃ የሚያወጣትን የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲስማሙላት ጠይቃለች። አባቷ «ልጄ በፍርድ ቤት ልትፈታኝ ነው» ካሉ ወዲህ አያናግሯትም። እናት ከማን ወገን እንደሚቆሙ ግራ ገብቷቸዋል።

የተከበሩ እናት፣ ጠቡ በአብዛኛው የመጣው ወረቀቱ ምን እንደሚሠራ ካለመታወቁ ስለሆነ ሕጉን ላስቀድም። በቨርጂኒያ 16 ዓመት የሞላው ልጅ ወይም ወላጁ ይህን ትእዛዝ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ላላገባና ወታደር ላልሆነ ልጅ ግን ዳኛው የሚመረምሩት በወላጆቹ ፈቃድ ተለይቶ የሚኖር መሆኑንና ራሱን ማስተዳደር መቻሉን ነው። ትእዛዙ ከተሰጠ ልጁ በራሱ ውል ይዋዋላል፣ ለሕክምናውም ራሱ ይፈቅዳል፤ የወላጆቹ የመርዳት ግዴታ ግን በዚያው ያበቃል። ክፍያዋን እናንተ ለምትሸፍኑላት፣ ለበዓል ወደ ቤቷ ለምትመለስ ልጅ ይህ ከልኳ በላይ የተሰፋ ልብስ ነው። በትእዛዙ ነፃ የወጣ ተማሪ ፋፍሳ (FAFSA) በሚባለው የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ላይ የወላጆቹን ገቢ እንዲያስገባ ስለማይጠየቅ ለገንዘብ እርዳታው ሲሉ የሚመኙት አሉ፤ ለዚህ ብሎ ዳኛ ፊት መቅረብን አልመክርም።

ችግሯ በቀላሉ ይፈታል። የዶርሙን ውል አብራችኋት ፈርሙ፤ የኮሌጁ ክሊኒክ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ተማሪዎች የሚጠይቀውን የሕክምና ፈቃድ ቅጽ ሞልታችሁ ላኩ፤ በዚያ ከተማ የምታምኑት ዘመድ ካለ በኖተሪ የተረጋገጠ ውክልና ስጡት። ባለቤትዎ ግን አንድ ነገር ከወዲሁ ይወቁ። ፌርፓ በሚባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት ተማሪው ኮሌጅ ሲገባ፣ ዕድሜው 16 ቢሆንም እንኳ፣ በትምህርት መዝገቡ ላይ ያለው መብት ከወላጅ ወደ እርሱ ይዞራል። ኮሌጁ በወላጆቿ የግብር ቅጽ ላይ በጥገኛነት በመመዝገቧ ምክንያት ውጤቷን ሊያሳያቸው ቢችልም ግዴታ የለበትም፤ ስለዚህ በአብዛኛው የሚያውቁት እርሷ ስትነግራቸው ነው።

ከሕጉ ይልቅ ያሳሰበኝ በደብዳቤዎ መጨረሻ በአንድ መስመር ያለፉት ነገር ነው። ከኢንሹራንስ የሚመጣውን ደብዳቤ የምታነብላችሁ፣ ሐኪም ዘንድ የምታስተረጉምላችሁ፣ ቢሉን በኮምፒውተር የምትከፍልላችሁ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እርሷ ነበረች። በቤተሰቡ ጉዳይ እንደ አዋቂ ተቆጥሮ ያደገ ልጅ፣ በራሱ ጉዳይ ሲደርስ «ገና ነሽ» ሲባል የሚያድርበትን ምሬት በስደተኛ ቤተሰቦች ዘንድ ደጋግሜ አይቻለሁ። ምናልባትም የፍርድ ቤቱን ወረቀት የፈለገችው ማንም ያልመሰከረላትን አዋቂነት ቢያንስ ዳኛ እንዲመሰክርላት ብላ ይሆናል። ባለቤትዎ በበኩላቸው ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት የምትወጣው ተድራ ነው ሲባል ሰምተው ያደጉ ሰው እንደሆኑ ጽፈዋል፤ ዝምታቸው ቁጣ ቢመስልም እኔ ሐዘን ይመስለኛል።

ስለዚህ በሁለቱ መካከል ቃል ማመላለስዎን ይተዉ። ልጅዎ ፊርማ የሚጠይቁትን ቅጾች ሁሉ ይዛ ከአባቷ ጋር ትቀመጥ፤ እያንዳንዱ ምን እንደሆነ በአማርኛ ታስረዳቸው፣ እርሳቸውም ጠይቀው ይፈርሙ። ላለፉት ዓመታት ድካሟ በአንደበታቸው ቢያመሰግኗት ከማንኛውም ምክር ይበልጣል፤ ይህን ለእርሳቸው መንገር ያለብዎት እርስዎ ነዎት። በስንት ቀን እንደምትደውል ደግሞ መጀመሪያ ሐሳብ የምታቀርበው እርሷ ትሁን።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ልጅዎን ለብቻዋ ይዘው፣ በቤት ውስጥ የሚያስፈራት ነገር፣ ዱላም ሆነ ማስፈራሪያ፣ እንዳለ ይጠይቋት። ካለ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ይቀየራል፤ የጠየቀችው ትእዛዝ በእርግጥ የሚያስፈልጋት ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ ጠበቃ አብረዋት ይሂዱ።