ቀብዱን አቆይውና ሰፈሩን በሐምሌ እይው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤትሽ ሥራው ወደ ባሕር ዳር ተዛውሮ ሁለት ልጆች ይዛችሁ ከአዲስ አበባ ልትመጡ ነው። ደላላው ሁለት ቤት አሳይቷችኋል፤ አንዱ ዓባይ ማዶ በዘንዘልማ መንገድ በኩል ያለቀለት አዲስ ቪላ፣ ሌላው መሀል ከተማ ያለ የቆየ ግቢ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። በፋሲካ ሰሞን መጥታችሁ አይታችኋቸዋል፤ አዲሱ ሰፈር "ገና ያድጋል" ተብላችኋል፤ በዚህ ሳምንት ቀብድ ልትከፍሉ ስለሆነ የትኛው ሰፈር እንደሚሻል ጠይቀሻል።

ጽሑፌ ስለሚረዝም አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገርሽ፦ በዚህ ሳምንት ቀብድ አትክፈይ። በፋሲካ ሰሞን ያየሽው የሰፈሩን ግማሽ ነው። ሌላኛው ግማሽ የሚታየው በሐምሌ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ደብረ ማርቆስ ላይ፣ በራሴ ገንዘብ ነው። ቤቱን የገዛሁት በ2003 ዓ.ም. ጥር ላይ ነበር። ማርቆስ በጥር ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃታል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጆሮ የሚቆርጥ፣ መሬቱ እንደ ድንጋይ የደረቀ። ቤቱ ከተማው ዳር አዲስ በተሸነሸነ ቦታ ላይ ነው። ቀለሙ አዲስ፣ አጥሩ ብሎኬት፣ መንገዱም ባጃጅ እስከ በር ያስገባል። ግቢው ውስጥ እዚህም እዚያም እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ መሬቱ ላይ አይቻለሁ። "ድርቀት ነው" ብዬ አለፍኩት። የገበሬ ልጅ ሆኜ ዋልካን፣ ያንን በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር፣ እያየሁ አለማወቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሐምሌ ሲገባ ባጃጁ አስፋልቱ ላይ እያወረደን መመለስ ጀመረ። ልጆቹ ቦቲ ጫማ አድርገው፣ ንጹሕ ጫማቸውን በፌስታል ይዘው ነበር የሚወጡት። ነሐሴ ላይ የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ አለ። አናጢ ጠርቼ አስላጥኩት። ጥቅምት ላይ ደግሞ ያው በር ሰፍቶት ብርድ ያስገባ ጀመር። በሁለተኛው ክረምት ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ወደ ጣሪያው በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ብቅ አለ። ጎረቤቴ የነበሩ እናት ቡና ጠርተውኝ ሳጫውታቸው ሳቁብኝ። "ልጄ፣ ምነው አንድ ሰው ብትጠይቅ? ይኼ እኮ ጨፌ ነው። እኛ ልጅ ሆነን ከብት የምናሰማራው እዚህ ነበር" አሉኝ። ከመግዛቴ በፊት አንዲት ሲኒ ቡና እሳቸው ቤት ጠጥቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ዛሬ አልጽፍልሽም ነበር።

ዋልካ፣ መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር፣ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቤቱን በየዓመቱ አንዴ ያነሳዋል፣ አንዴ ይለቀዋል። መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም። መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ እስከ ጠንካራው ከወረደ፣ ወይም ጥቁሩ አፈር ተዝቆ ወጥቶ በገረጋንቲ ከተተካና በደንብ ከተጠቀጠቀ ቤቱ ይቆማል። የኔን ቤት ጥጉን አስቆፍሬ ሳይ መሠረቱ ከጉልበቴ እምብዛም አያልፍም ነበር። ለመሸጥ ስነሳ ስንጥቁን ለመጣው ሁሉ እያሳየሁ ነበርና ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ደላላው "ቀለም ቀባው እንጂ አንተ ሰው!" እያለ ተስፋ ቆረጠብኝ።

ወደ ባሕር ዳር ስመጣ ግን ተምሬ ነበር። መጀመሪያ ተከራየሁ፤ ሁለት ዓመት፣ በሁለት ሰፈር። ከገዛሁ በኋላ ዘመዶቼ "ለኪራይ ያወጣኸው ገንዘብ ባከነ" ብለውኛል። እኔ ግን ከዚያ የተሻለ የዋለ ብር የለኝም።

ባሕር ዳር የማርቆስ ዓይነት ባሕርይ የላትም። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ተዳፋት ላይ ናት፣ ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር አካባቢ ጣና ዳር የተነጠፈች ሜዳ ናት። በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ማርቆስ ላይ ውሃ ይሮጣል፣ ባሕር ዳር ላይ ይተኛል። ስለዚህ እዚህ የምትጠይቂው "ውሃው የት ይሄዳል?" ብለሽ ነው። ቦይ ካለ ተከትለሽው ሂጂ፤ መጨረሻው የት እንደሆነ በዓይንሽ እይ። ብዙ ቦይ ሦስት አራት ቤት አልፎ ያልተገነባ ባዶ ቦታ ላይ ያልቃል። ያ ባዶ ቦታ ነገ ሲገነባ ውሃው ወዴት እንደሚመለስ መገመት አያቅትሽም። ወደ ሐይቁና ወደ ዓባይ በተጠጉ ሰፈሮች ውሃ የሚወደው ደንገል ወይም ፊላ በቅሎ ካየሽ ከደላላውም ከመሐንዲሱም በላይ እመኚው። ውሃ በሚተኛበት ደግሞ ወባ አለ። ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ልጆች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ አጎበር ከአልጋው ጋር አብሮ ይገዛል።

ማንም የማይጠይቀው፣ እኔ ግን አሁን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። አትሳቂ። ባሕር ዳር አንዳንዱ ሰፈር ጥቂት እንደተቆፈረ አለት ይገኛል፤ ሌላው ሰፈር ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ ጉድጓዱ በክረምት ከታች ይሞላል። የመጀመሪያው የተከራየሁበት ግቢ ከነሐሴ እስከ መስከረም ሁለት ጊዜ መጣጭ መኪና ጠርተናል፤ መኪናው እስኪመጣ የነበረውን አልነግርሽም። ስለዚህ ሻጩን "ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነው? መቼ ተመጠጠ?" በይው። ሲመልስ ፊቱን እይ። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ለጎረቤቱ ድገሚው።

አሁን ወደ ማዶው ቤት ልምጣ። ድሮ ዓባይ ማዶ መኖር ማለት ጠዋትና ማታ በዚያ ጠባብ አሮጌ ድልድይ ላይ መሰለፍ ነበር። 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ሲመረቅ ይህ ችግር ተቃለለ። ደላሎቹም የድልድዩን ወጪ ለየቤቱ ያከፋፈሉት ይመስል ዋጋ ጨመሩ። እኔ ማዶውን አልጠላም፤ ነፋሻ ነው፣ ቦታው ሰፊ ነው፣ ዘንዘልማ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ስላለ የሚከራይም አይጠፋም። ግን ድልድዩ ዓባይን ያሻግርሻል እንጂ ከዋናው አስፋልት እስከ በርሽ ያለውን ጭቃ አያሻግርሽም። ያንን ርቀት በእግርሽ ለኪው። ልጆችሽ በየቀኑ የሚሄዱት እሱን ነው። ባለፉት ዓመታት እንዳየነው መንገድ ሲዘጋ ወይም ባጃጅ ሲቆም ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ወፍጮ ቤቱም በእግር የማይደረስ ከሆነ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር እስር ቤት ይሆናል።

"ያድጋል" ስላሉሽ ነገር ደግሞ። በሚያድግ ከተማ ደላላ ነገን ጭምር ይሸጥልሻል። ማርቆስ ስገዛ "አስፋልቱ በሁለት ዓመት በዚህ ያልፋል" ተብዬ ነበር፤ ሸጬ ስወጣም ገና አላለፈም። እንዲያውም የፕላን መንገድ ሌላ መዘዝ አለው፤ ስፋቱ አጥርሽን ወይም ሰርቪስ ቤቱን ሊቆርጥ ይችላል። ስለዚህ ካርታውን ይዘሽ ከከተማው መዋቅራዊ ፕላን ጋር እንዲያስተያዩልሽ ጠይቂ። ዋጋ ስትደራደሪ ዛሬ ላለው መንገድ፣ ዛሬ ለሚመጣው ውሃ፣ ዛሬ ለተተከለው ትራንስፎርመር ክፈይ። ነገ ሲመጣ ምርቃት ይሁንልሽ።

ትራንስፎርመር ካልኩ፣ አዲስ ሰፈር ላይ ቤቱ ሲበዛ ትራንስፎርመሩ ያው አንዱ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሂጂና ሻጩን ምጣድ እንዲሰካልሽ ለምኚው። ሁሉም እንጀራ በሚጋግርበትና በሚያበራበት ሰዓት አምፖሉ ከቀላ መልሱን አገኘሽ። ውሃውንም እንደዚሁ፤ "መስመር አለው" ማለት ውሃ አለው ማለት አይደለም። በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ሮቶ ላይ በራሱ ጉልበት ይወጣ እንደሆነ ጠይቂ። በጎረቤት ደጃፍ የተደረደረ ቢጫ ጀሪካን ካየሽ መጠየቅም አያስፈልግሽም።

መሀል ከተማ ያለው የቆየ ግቢ የራሱ ጣጣ አለው። ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) ከሆነ፣ በሊዝ አዋጁ (ቁጥር 721/2004) መሠረት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ ሥሪት፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን በክፍያ፣ ነው የሚይዘው። ለሻጩ ከምትከፍይው ሌላ ለከተማው የምትከፍይው የሊዝ ሂሳብ ይመጣል ማለት ነው። ብዙ ገዢ ይህን የሚሰማው ስም ሊያዛውር ሲሄድ ነው። ቀድመሽ አስልተሽ ከዋጋው ላይ ተከራከሪበት። ከዚህ ሌላ ጭቃ ቤት ከሆነ ምስጥ መኖሩን፣ ጣሪያው ዝናብ ማፍሰሱን እይ፤ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ክብ ካየሽ ያፈሳል። ይህ ግን በገንዘብ የሚስተካከል ነው። የሰፈሩ መሬት ግን አይስተካከልም።

ለማዶው ቤት ስለ ወረቀቱ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እላለሁ። የከተማ ዳር ቤት ስትገዢ መጀመሪያ ቦታው ከማን እጅ እንደወጣ ጠይቂ። ገበሬ መሬቱን መሸጥ እንደማይችል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ተጽፏል። ሆኖም ሦስት ምስክር አስፈርመው፣ የመንደር ውል ጽፈው የገዙ፣ ሌሊት ሠርተው ያደሩ የጨረቃ ቤቶች አሉ። ቤቱ ቀለም ከተቀባ በኋላ ከሌላው አይለይም። የቅርብ ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ቤት ገዝቶ ከተማው ሲሰፋ ፈረሰበት። ካሣ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ስለሆነ አንድም ሳንቲም አላገኘም። ካርታው የተሰጠው በሻጩ ስም ነው ወይ? እዳና እግድ የለበትም ወይ? ይህን የደላላ ፎቶ ኮፒ አይመልስልሽም፤ ከመዝገቡ ራሱ አረጋግጪ። ውሉም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 እንደተጻፈው በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይደረግ።

ክርክር ያለበትን ቦታ ከመዝገብ ቀድሞ የሚያውቀው ደግሞ የእድሩ ዳኛ ነው። ወደ እሱ ሂጂ። እኔ አሁን የምኖርበትን ቤት ልገዛ ስል የሄድኩት ወደ ሰፈሩ የእድር ዳኛ ነበር፤ "ይኼኛውን ተወው፣ ወንድማማቾች ውርስ ላይ ናቸው፤ ከሱ ሦስተኛው ግን ሰላማዊ ነው" አሉኝ። ሦስተኛውን ገዛሁ። እሳቸው ካሉኝ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የመጀመሪያው ቤት ታሸገ። እድርተኛው ጥቂት፣ ጎረቤቱ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ሰፈር ከሆነ ደግሞ ይህን የሚነግርሽ ሰው አታገኚም። አዲስ ሰፈር ላይ ከምፈራቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

የኔን ፍርድ ከጠየቅሽ፣ ሁለቱ ቤቶች በወረቀት እኩል ንጹሕ ከሆኑ መሀል ከተማ ያለውን እወስዳለሁ። ልጆችሽ ትንንሽ ናቸው፣ ባለቤትሽ መሥሪያ ቤቱ መሀል ከተማ ነው ብለሻል፣ አንቺም ለከተማው እንግዳ ነሽ። ሰው ያለበት ሰፈር ይሻልሻል። ልጆቹ ደርሰው፣ መኪና ኖሯችሁ፣ ቦታ ለማስፋት ቢሆን ኖሮ ማዶውን እል ነበር። ባለቤትሽ "ግቢው ጠባብ ነው" እንዳለ ጽፈሻል። ጠባብ ግቢ ይለመዳል።

ግን በኔ ፍርድ አትግዢ። ሰኔ ላይ ከሁለቱ ሰፈሮች ባንዱ ሁለት ክፍል ተከራዩ። ደላላው "ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ያመልጥሻል" ይልሻል፤ ለኔም ሦስት ጊዜ ብሎኛል፣ ሦስቱም ጊዜ ቤቱ ቆይቶ ጠብቆኛል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረበትን ቀን ምረጪ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ልጆች ወደ መንገድ በሚወጡበትና ሰው ወደ ሥራ በሚሄድበት ሰዓት፣ ሁለቱንም ሰፈር በእግርሽ አቋርጪ። ደላላውን አትጥሪው። ቦቲ ጫማ ግን ያዢ፤ የልጆቹንም ጨምሪ። ከዚያ የሁለቱን ቤት የጉድጓድ ጥልቀትና ቦይው የሚያልቅበትን ቦታ ጻፊልኝ፤ ያኔ የተሻለ መልስ እሰጥሻለሁ።