«ሳጥኑ ከቤቴ ይውጣልኝ»

ከደሴ የጻፉልን የ38 ዓመት አንባቢ ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ከሟች አባታቸው የወረሱት ጊታር አላቸው፤ በሠርግና በበዓል ይጫወቱበታል። ጊታሩ ሲገዛ አብሮት የመጣው፣ ከውጭ ጥቁር፣ ከውስጥ ቀይ ከፋይ የለበሰው ጠንካራ የእንጨት ሳጥኑም አለ። ሆኖም ለሥራ ሲወጡ የጨርቅ ቦርሳ ስለሚቀላቸው ሳጥኑ ባዶውን ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል። ባለቤታቸው ከኮምቦልቻ ገዢ አግኝተው «እንሽጠው» ካሉ ወዲህ ሦስት ወር ሙሉ በቤቱ ሰላም ጠፍቷል። ጠያቂያችን «የአባቴን መታሰቢያ ናቀችብኝ፤ ደግሞስ ያለ ሳጥኑ የጊታሩ ዋጋ አይቀንስም ወይ?» ይላሉ።

ውድ ጠያቂያችን፣

ስለ ዕቃው በጠየቁት ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። በዚህ ልክ ነዎት። አሮጌ ጊታር አብሮት ከመጣው ሳጥን ጋር ሲሆን ፈላጊው ይበዛል፤ ሳጥኑ ለብቻው ሲሸጥ የሚያመጣው ገንዘብ ግን ጥቂት ነው፤ አንዴ ከተለያዩም መልሶ ማገናኘቱ ከባድ ነው። ደሴን በመሰለ ደጋ ከተማ የክረምቱ እርጥበትና የበጋው ደረቅ አየር ሲፈራረቁ እንጨት ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ የጊታር አንገት የሚጣመመውና ገላው የሚሰነጠቀው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። የተዘጋ ጠንካራ ሳጥን ይህን ለውጥ ያዘገያል፣ ከምትም ይከላከላል። ጉዳዩ የዕቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ያስቀምጡት፣ ጊታሩንም መልሰው ይክተቱበት» ብዬ እሰናበትዎ ነበር። ይህን ግን አብሮዎ የሚጫወት ማንኛውም ባለሙያ ሊነግርዎ ይችል ነበር። ለሥነ ልቦና ባለሙያ መጻፍዎ፣ ነገሩ ከሳጥን ያለፈ መሆኑን እርስዎም ሳይጠረጥሩ እንዳልቀሩ ይነግረኛል።

ባለቤትዎ የአባትዎን መታሰቢያ እንደናቁ ጽፈዋል። በዚያው ደብዳቤ ግን ማታ ማታ አምባሰልን ወይም ባቲን ሲጫወቱ ቡና አፍልተው አጠገብዎ እንደሚቀመጡ፣ እስከ በረካው ድረስም እንደማይነሡ ጽፈዋል። የአባትዎ ጣት የነካውን ጊታር በወሎ ቅኝት ሲጫወቱ ሦስት ስኒ ሙሉ የሚያዳምጥ ሰው መታሰቢያውን የናቀ አይመስለኝም። በሦስት ወር ጭቅጭቅ ውስጥ «ጊታሩ ይሸጥ» ያሉበት አንድ ቀን እንኳ አልጠቀሱልኝም። ገንዘብ ፈልገው ቢሆን ይበልጥ የሚያወጣው ጊታሩ ነበር። ቦታ ጠብቧቸው ቢሆንም፣ ቁምሳጥን ላይ የተቀመጠ ሳጥን የማንንም መተላለፊያ አይዘጋም። በንዴት ተናገሩት ያሉኝን ቃል ደግሞ ልብ ይበሉት፤ «ሳጥኑ ከቤቴ ይውጣልኝ» ነው ያሉት። «ይውጣልኝ» የሚለው ሰው የከበደው ነገር እንዲነሣለት የሚለምን ሰው ነው።

ታዲያ ባዶ ሳጥን እንዴት ይከብዳል? መልሱ እርስዎ ለታማኝነትዎ ማስረጃ ብለው በጻፉት አንቀጽ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤታችሁን ጥላችሁ ወጣችሁ። «ሁሉን ትተን ስንወጣ እንኳ ሳጥኑን ከእጄ አልለቀቅሁም» ብለዋል። የሐረጎን ቁልቁለት በእግር ስትወርዱ እጀታው እንደተበጠሰ፣ በሰማያዊ ገመድ እንዳሰሩት፣ ከኮምቦልቻ እስከ ደብረ ብርሃን በአይሱዙ ላይ በጉልበትዎ መካከል ይዘውት እንደሄዱ ተርከውልኛል። «ልጃችን ያኔ የአራት ወር ሕፃን ነበረች» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገርም አለ። ስለ ልጅቱ ሌላ ነገር የለም። እጀታው የት ላይ እንደተበጠሰና የገመዱን ቀለም ከደብዳቤዎ አውቄያለሁ፤ ሕፃኗን ማን እንደተሸከማት ግን አልነገሩኝም።

እባክዎ ይህን እንደ ክስ አይቁጠሩብኝ። ሰው በድንገተኛ አደጋ ጊዜ የሚያነሣውን ዕቃ አመዛዝኖ አይመርጥም፤ እጁ የሚሄደው አንዴ አጥቶት እንደገና እንዳያጣው ወደሚፈራው ነገር ነው። አባትዎ ያረፉት ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት እንደሆነ ጽፈዋል። እርስዎ ያን ቀን የተሸከሙት አባትዎን ነበር፤ ይህንንም በሙሉ ልቤ እረዳዎታለሁ። ነገር ግን ከጎንዎ ልጅ አዝለው፣ ምናልባት በሌላው እጃቸው ጓዝ ይዘው የወረዱት ሴት ያዩት ሁለት እጁ በዕቃ የተያዘ ባል ሊሆን ይችላል። ባልና ሚስት አንዱን መከራ አብረው ቢያልፉትም አንድ ዓይነት ትዝታ ይዘው አይወጡም። ያ ሳጥን ለእርስዎ «አልተውኩም» የሚል ምስክር ሲሆን፣ ለእሳቸው «ያን ቀን ብቻዬን ነበርሁ» የሚል ምስክር ሆኖ በየጠዋቱ ከቁምሳጥኑ ላይ ሆኖ ያያቸዋል። ከተመለሳችሁ በኋላ ስለዚያ መንገድ ተነጋግራችሁ ታውቁ እንደሆነ አልጻፉም፤ የምጠረጥረው ተነጋግራችሁ እንደማታውቁ ነው። ደኅና ገብተናልና ይመስገን ተብሎ ስንቱ ነገር ሳይነገር እንደሚታለፍ በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ የታለፈው ነገርም ቆይቶ በዕቃ፣ በጨው፣ በበር አዘጋግ ሰበብ ብቅ ይላል።

ባለቤትዎን አላነጋገርኋቸውምና ግምቴ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ እሳቸውን መጠየቅ ይሻላል። ጭቅጭቅ በሌለበት ምሽት፣ ሳጥኑን ፈጽሞ ሳያነሡ፣ «ያን ቀን ሐረጎን ስንወርድ አንቺ እንዴት ነበርሽ?» ይበሏቸው፤ ከዚያም ያዳምጡ። «እኔም እኮ» ብለው ለመመለስ አይቸኩሉ፤ አባትዎንም ለጊዜው አያንሡባቸው፤ የእርስዎ ኀዘን የሚነገርበት ሌላ ምሽት ይኖራል። የመጀመሪያው ምላሽ ዝምታ ወይም ቁጣ ቢሆን አይደንግጡ፤ ዓመታት የቆየ ነገር በአንድ ቡና አይወጣም። ገዢውን «ይቆየን» ማለት የሚቻል ከሆነም ይበሉት፤ ሳጥኑ በንዴት ቢሸጥም በንዴት ቢቀርም ለሁለታችሁ የሚበጅ አይመስለኝም።

ስለዚያ መንገድ ሲነሣ ከሁለታችሁ የአንዳችሁ እንቅልፍ የሚታወክ፣ ልብ የሚመታ ወይም ንግግሩ ሁልጊዜ በጠብ የሚቋጭ ከሆነ፣ እዚያው ደሴ በሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ባለሙያ ፊት ለፊት አግኝታችሁ ብትነጋገሩ እመርጣለሁ። ባለቤትዎ ለመሄድ ፈቃደኛ ካልሆኑ አይጎትቷቸው፤ መጀመሪያ እርስዎ ብቻዎን ይሂዱና ያን ቀን ከነሕፃኗ ጀምረው ይንገሩ።