ሥዕሉ ቤቱ የት ነው? ስለ ድሮ ሥዕል፣ ካርታና የዱር ሕይወት ጥያቄና መልስ

ሰላም የወሎ ልጆች። ደሴ ከጠዋት ጀምሮ ጭጋግ ነው፣ ጦሳ አይታይም። እስከ ማታ ቤት ስለሆንኩ ጠይቁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ሥዕል ስታመጡ ሦስት ነገር አብራችሁ አምጡ። ማን ሠራው? ዋናው የት ተቀምጧል? መለያ ቁጥሩ ስንት ነው? እነዚህ ከሌሉ ሥዕሉ ቤት የለውም። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የሐይቅ ልጅ፦ መምህር፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል፣ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል ያለበት ማለቴ ነው፣ ከቤት ሆኖ ማጥናት ይቻላል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ መነሻውን ልስጥህ። በ1970ዎቹ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ትልቅ ሥራ ተሠርቶ ነበር። የፊልሙ ቅጂ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት አለ። የሐይቁ ወንጌል ቁጥር ኢኤምኤምኤል (EMML) 1832 ነው፤ ፊደሎቹ የዚያ የማይክሮፊልም ሥራ የእንግሊዝኛ ስም አሕጽሮት ናቸው። በቤተ መጻሕፍቱ መፈለጊያ ላይ ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ጻፍ፤ በስም ከፈለግህ በመቶ የሚቆጠር ወንጌል ይመጣብሃል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ቀለም አትጠብቅ። ወንጌሉ ለገዳሙ የተሰጠው 1280 ወይም 1281 ላይ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ከዚያ በኋላ ከ10 ዓመት በላይ ኖረዋል። ስለዚህ የምታየው ሥዕል በሕይወት ሳሉ የተሣለ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ ዘመን ስንት ቀርቶልናል? ቁጥሩን ሳትጽፍ ግን እንዳትለጥፈው።

ቧንቧ ውሃ፦ ደስ የሚል የድሮ ነገር የሚገኝበት ጥሩ ቦታ ይጠቁሙኝ።

መልስ፦ ምን ዓይነት? ወፍ? ካርታ? ብራና? ለይተህ ጠይቅ።

አምባሰሌው፦ ግሼን በአውሮፓ የድሮ ካርታ ላይ አለች ሲሉ ሰማሁ። የትኛው ላይ ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! አብርሃም ኦርቴሊየስ 1573 ላይ አንትወርፕ ያወጣውን ካርታ ፈልግ። ፈረንጆቹ ቄሱ ዮሐንስ የሚሉትን ንጉሥ አገር የሚያሳየው ነው። በደንብ አጉላው። አንድ ተራራ ተሥሎ በላቲን «አማራ ሞንስ» ተብሎ ተጽፏል። ከአጠገቡ ደግሞ የንጉሡ ልጆች በዘበኛ ተጠብቀው የሚኖሩበት መሆኑን ይናገራል። ይህች የነገሥታቱ ልጆች የሚቆዩባት አምባ ግሼን ናት። እናንተ ለመስከረም 21 በእግር የምትወጧት ናት!

ወሬው ባሕር ተሻግሮ በትክክል ደርሷል። ካርታው ግን ትክክል አይደለም። አገሩ ተለጥጦ ከምድር ወገብ በታች ወርዷል። ዓባይ ከሌሉ ሐይቆች ይነሣል። ሠሪው አገራችንን በዓይኑ አላየም። ስለዚህ ይህን ካርታ «የድሮ ድንበራችን ይኸውና» እያላችሁ አትከራከሩበት። ካርታው የሚያሳየው አውሮፓ ስለ እኛ የሰማችውን ነው።

እሱን ካየህ በኋላ የጀርመናዊውን ሊቅ የኢዮብ ሉዶልፍን የ1683 ካርታ አጠገቡ አስቀምጠው። ያው አገር አንሶ፣ ቅርጽ ይዞ ታገኘዋለህ። አንዱ ምክንያት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ፤ መካነ ሥላሴ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው ውስጥ ነው። ሉዶልፍ ሮም ላይ 1649 አገኛቸው። 1652 ደግሞ ጀርመን ድረስ ሄደው ስለ አገሩ፣ ስለ ቋንቋው፣ ስለ ወንዙ አስረዱት። 1658 ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ መርከብ ሰጥሞ ሞቱ። ካርታውን የምትለጥፉ ሁሉ «ሉዶልፍ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። የአባ ጎርጎርዮስን ስም አብራችሁ ጻፉ።

ፒያሳ፦ መምህር፣ የድሮ የወሎ ካርታ የት አገኛለሁ?

መልስ፦ አሁን ስለ ካርታ ስናወራ አልነበርን? ለጌጥና ለታሪክ ከሆነ ከላይ ያለውን አንብብ። መንደርህን ለመፈለግ ከሆነ ደግሞ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የምሥራቅ አፍሪካን 1፡500,000 ካርታዎች አስቀምጧል። አንድ ሳንቲ ሜትር አምስት ኪሎ ሜትር ነው። ስትፈልግ የፊደሉን ነገር ልብ በል። ጣሊያኖች «ወ»ን በ«ዩ» ፊደል ስለሚጽፉ ወሎን በ«ደብሊው» ብቻ ከፈለግህ ግማሹ ያመልጥሃል። የ1868 እንግሊዞች ደግሞ የመቅደላን «ቅ» በ«ጂ» ነው የሚጽፉት።

ተንታ፦ መቅደላን ካነሡ አይቀር፣ የተዘረፉትን ብራናዎች ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ሚያዝያ 1868 ከአፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዘረፋው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ወረደ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ ሪቻርድ ሆምስ የሚባል ሰው አብሮ ነበር። ዛሬ 350 ያህሉ ብራና ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው ያለው፤ ከፊሉ ፎቶ ተነሥቶ በኢንተርኔት ለሕዝብ ክፍት ሆኗል።

ወረኢሉ፦ በስልካችን ካየነው ምን ጎደለብን? እዚያው በደንብ ይጠበቅልን።

ተንታ፦ እንዴት ምን ጎደለብን? ብራና ይነበባል፣ ይሳለሙታል። ስልክ ይሳለሙታል እንዴ?

ወረኢሉ፦ ቢመጣስ ማን ይጠብቀዋል?

ተንታ፦ ከ1868 በፊት ማን ጠበቀው?

መልስ፦ በቃ። እኔ ይመለሱ ባይ ነኝ፣ ደብቄው አላውቅም። የንጉሡ ጸጉር 2019 ላይ ከለንደን ተመልሷል፤ መንገዱ አለ ማለት ነው። እስከዚያው ግን የተነሣውን እናንብበው። ሳናነብ ብንከራከር ለብራናው ምን ይጠቅመዋል? ወደ ጥያቄው።

ሃይቅ መንገድ፦ ይህ የአፄ ቴዎድሮስ ትክክለኛ ፎቶ ነው? *(ጥቁርና ነጭ ምስል፣ ያለ መግለጫ)*

መልስ፦ ማን አነሣው? የት ተቀምጧል? ቁጥሩስ? ንጉሡ በሕይወት ሳሉ የተነሡት የተረጋገጠ ፎቶ የለም። የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁ ግን አለ። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን እንግሊዝ ውስጥ 1868 አንሥታዋለች። ያ ፎቶ ቤት አለው። ያንተን አውርደው።

ደላንታ፦ ቀይ ቀበሮ አየሁ መምህር! በስልኬ ቀርጬዋለሁ። ቦታውን ጽፌ ላጋራ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ። ቦታውን ግን አትጻፍ! በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። አይናቹራሊስት የሚባለው መተግበሪያ ላይ ጫነው። ለመጥፋት የተቃረበ እንስሳ ሲሆን ትክክለኛውን ነጥብ ራሱ ይሸፍነዋል። ከፎቶው ላይ ግን መለያ የሚሆን ገደልና ቤት ቁረጥ። እንስሳውን ለሳይንስ መጀመሪያ የገለጸው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፣ ጭላዳንም እንዲሁ። የሩፔልን ሥዕሎች ባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ ላይ በነፃ ታገኛለህ።

ሰኞ ገበያ፦ የጭላዳውን ሥዕል ቲሸርት ላይ አትሜ መሸጥ እችላለሁ?

መልስ፦ የ1835 ሥራ ነው፣ መብቱ ካለቀ ቆይቷል። የሠሪውን ስም አትም።

ሰኞ ገበያ፦ የድሮ ካርታ ኦሪጅናል ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም።

ወልዲያ፦ የኮሶ ዛፍን የሚያህል የሚያምር የድሮ ሥዕል አይቼ አላውቅም። የጄምስ ብሩስ ነው ይላል።

መልስ፦ አይደለም፣ ይህ ሁሌ ያናድደኛል። ብሩስ አገራችን የመጣ ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ነው፤ የጉዞውን አምስት ቅጽ መጽሐፍ 1790 አሳትሟል። አብሮት የመጣው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ የቦሎኛ ሰው ነበር፤ ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ አገሩ ገብቶ ሥዕሎቹን እንደ ራሱ ሥራ አቀረባቸው። ዋናዎቹ ዛሬ ዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ናቸው። የኮሶውን ቅጠል ጠርዝ እየው፣ መጋዝ ይመስላል። ደጃፉ ላይ ኮሶ ያለው ሰው ወጥቶ ያነጻጽር። ያንን ጥርስ አንድ በአንድ የሣለው ሰው ስሙ ባሉጋኒ ነው። መግለጫህን አስተካክል።

የቃሉ ልጅ፦ መምህር፣ አያታችን በዐጀም የተጻፈ የመንዙማ ደብተር ትተውልን አልፈዋል። ለሰው ባካፍል ደስ ይለኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አላህ ይዘንላቸው። ለማያውቁ፣ ዐጀም ማለት አማርኛው በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ ነው። ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር የተቀኙት በዚህ ነው። ወሎ በየቤቱ እንዲህ ያለ ሀብት አለው።

መጀመሪያ ቤተሰቡን አስፈቅጂ። ፍላሽ አጥፊ። መስኮት ዳር፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይነካው ቦታ አስቀምጪው። ከጎኑ ማስመሪያ አድርጊ፣ መጠኑ ይታወቃል። ከሽፋኑ ጀምረሽ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ባዶውንም ገጽ ሳትዘይ አንሺ። የዳር ጽሑፍ አለ ብለሽ አትቁረጪ። ጣትሽን በምራቅ አታርጥቢ፣ የተጣበቀ ቅጠል በግድ አትለያዪ።

ቤታችሁ የት እንደሆነ ግን አትጻፊ። እኔ አንድ ጊዜ የአንድ ዘመዴን ደብተር ከነሰፈሩ አውጥቼ በሳምንቱ ገዢ ነኝ ባይ በራቸውን አንኳኳ። ደግነቱ እምቢ አሉ። እስከ ዛሬ ያንን ሳስብ ይጨንቀኛል።

ፒያሳ፦ መምህር፣ ካርታው ላይ ኩታበርን አጣሁት።

መልስ፦ ፊደሉን ቀያይረህ ፈልግ አላልኩህም?

የቃሉ ልጅ፦ መምህር፣ አሁን ሄጄ አየሁት። መጨረሻው ገጽ ላይ ከግጥሙ የተለየ ሦስት መስመር አለ። ስም ይመስላል። የአያቴ አይደለም።

መልስ፦ የገለበጠው ሰው ይሆናል! አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው የሚፈርሙት። ያንን ገጽ ሁለት ጊዜ አንሺው፣ አንዱን ቀረብ አድርገሽ። ከዚያ መስመሩን እንደተጻፈው በወረቀት ገልብጪ። ያልተነበበልሽን ፊደል በግምት አትሙይ፣ ቦታውን ባዶ ተዪው። ነገ ጠዋት አብረን እናነበዋለን።