ልጄ እንደ እኔ አታምንም፤ እንዴት ላነጋግራት?

አንድ አባት የሚከተለውን ጽፈውልናል፦ «የ23 ዓመት ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ከተመለሰች ወዲህ ከእኛ ጋር ወደ ቤተ እምነት መሄድ ትታለች። ፈጣሪ የለም አትልም፤ ‹እናንተ በምታምኑበት መንገድ ማመን አልቻልኩም› ነው የምትለው። ያልሞከርኩት ነገር የለም። ስብከት ልኬላታለሁ፣ የሃይማኖት አባት ቤት ድረስ አምጥቻለሁ፣ ዘመዶችም መክረዋታል። ባለፈው ሰሞን እንግዶች ባሉበት ማዕድ ላይ ጸሎት ሳደርስ አንገቷን ደፍታ ቆመች እንጂ አሜን አላለችም። ጸሎቱን አቋርጬ ‹አሜን ማለት ከበደሽ እንዴ?› አልኳት። ምንም ሳትመልስ ክፍሏ ገባች፤ ከዚያን ዕለት ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ አንነጋገርም። እናቷ ደግሞ ‹ለአባትሽ ስትይ አስመስዪ› እያለች ትለምናታለች። ዝም ብል እምነቴን የካድኩ ይመስለኛል፤ ብናገር ልጄን አጣለሁ። ምን ላድርግ?»

የተከበሩ አባት፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ጭንቀትዎ ከሁለት ፍቅር የመጣ ነው፤ ፈጣሪዎንም ልጅዎንም ይወዳሉ፣ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መልቀቅ ግድ የሆነብዎ መስሎ ታይቶዎታል። እኔ ግን ግድ ነው ብዬ አላምንም። እምነትዎን ሳይሸሽጉ፣ ልጅዎንም ሳያርቁ መነጋገር ይችላሉ፤ ለዚህ ግን በመካከላችሁ ተደባልቀው የቆዩ ሁለት ጥያቄዎች አስቀድመው መለየት አለባቸው።

አንደኛው «እውነቱ የቱ ነው?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «አሁንም የዚህ ቤት ልጅ ነኝ ወይ?» የሚለው ነው። እርስዎ እስካሁን የደከሙት ለመጀመሪያው መልስ ለመስጠት ነው፤ ልጅዎ ግን በላኩላት ስብከት ሁሉ ውስጥ የሰማችው ሁለተኛውን ይመስለኛል። ስለ መቀበሏ እርግጠኛ ያልሆነች ልጅ ደግሞ ስለ እውነት በነፃነት ማሰብ ያዳግታታል፤ ከቀረበላት ማስረጃ ይልቅ የተናጋሪውን ፊት ታነባለችና።

ያንን ምሽት ቀረብ ብለን እንመልከተው። ልጅዎ ከጠረጴዛው አልተነሣችም። ስልኳን አልነካካችም፣ ፊቷን አላዞረችም፣ ጸሎቱን እስኪያቋርጡት ድረስ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ከልቧ ያልሆነውን ቃል በአፏ ለማውጣት አልፈቀደችም፤ የአባቷን ጸሎት ለማክበር ግን ፈቅዳለች። ይህ በሐቀኝነትና በአክብሮት መካከል በጥንቃቄ የተፈለገ ቦታ ነው፣ ብዙ ትልልቅ ሰዎችም አያገኙትም። እርስዎ ያዩት የጎደለውን አንድ ቃል ነበር። የጠየቋትም መልስ ፈልገው አልነበረም፤ መልስ የሚፈልግ ሰው ጸሎት አቋርጦ በእንግዳ ፊት አይጠይቅም። ይህን የምለው ልወቅስዎ አይደለም። ልጁን በዘላለማዊ ነገር እንዳያጣ የሚፈራ አባት ፍርሃቱ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በቁጣ መልክ ነው፤ ልጅ ደግሞ የምታየው ቁጣውን ብቻ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጃክ ብሬም እ.ኤ.አ. በ1966 እንዳስረዱት፣ ሰው የመምረጥ ነፃነቱ እየተነጠቀ እንደሆነ ሲሰማው ያንኑ ነፃነት ለማስመለስ ይታገላል፤ ሊያስተዉት የፈለጉትንም ነገር ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል። በእርስዎ ቤት ስብከቱ፣ የሃይማኖት አባቱና የዘመዶቹ ምክር ተራ በተራ ሲመጡ የሆነው ይኸው ሊሆን ይችላል። ልጅዎ ምናልባት ገና እየጠየቀች የነበረችውን ነገር፣ ጥያቄዋን ሳትጨርስ፣ እንደ አቋም ይዛ እንድትከላከል ተገድዳለች።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁልጊዜ ለወላጆች የማነሣው አንድ ጥናት አለ። የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁሩ ቨርን ቤንግስተን እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በደቡባዊ ካሊፎርኒያ የተመዘገቡ ቤተሰቦችን ለአሥርት ዓመታት፣ ከአያት እስከ የልጅ ልጅ ተከታትለዋል። ልጆች የወላጆቻቸውን ሃይማኖት ይዘው ከመቀጠላቸው ጋር ጎልቶ ተያይዞ የተገኘው ነገር የወላጅና የልጅ ፍቅራዊ ቅርበት፣ በተለይም የአባት ቅርበት ነበር። አባትየው አጥባቂ አማኝ ሆኖም ከልጁ የራቀና ቀዝቃዛ ከሆነ፣ እምነቱ የመተላለፍ ዕድሉ ይቀንሳል። ይህን የምነግርዎ ፍቅርን እንደ ወጥመድ እንዲጠቀሙበት አይደለም፤ እንዲያ ካደረጉ ልጅዎ ወዲያው ትነቃበታለች፣ መንቃቷም ትክክል ይሆናል። የምነግርዎ ከእርሷ ጋር መቀራረብዎ ለእምነትዎ ክህደት እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ ነው።

እንግዲህ ከየት ይጀመር? ስለ እምነት በመናገር አይጀምሩ፤ ከዚያ ምሽት ይጀምሩ። ሁለታችሁ ብቻ የምትሆኑበትን ጊዜ ይምረጡና «በእንግዶች ፊት የተናገርኩሽ ልክ አልነበረም፤ አሳፍሬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» ይበሏት። ከዚያ ያቁሙ። «ግን አንቺም እኮ» የሚለው ሐረግ ከተከተለ ይቅርታው ተሰርዟል። በዚያው ቀን ስለ ሃይማኖት ሌላ ነገር አያንሡ። እርሷ ራሷ ልታነሣው ትችላለች፤ ካላነሣችም ቀናት ይለፉ፣ በመሃሉ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ጓደኞቿና ስለ ጤናዋ እንደ ቀድሞው ይጫወቱ።

ወደ ጉዳዩ ስትመለሱ ፈቃድ ይጠይቋት። «እንዴት እንደምታስቢ መረዳት እፈልጋለሁ፤ ለመከራከር አይደለም፤ ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል» ማለት ይበቃል። «አሁን አልፈልግም» ካለች ይቀበሏት፤ ያንን መልስ በሰላም መቀበልዎ ራሱ ብዙ ይነግራታል። ከተስማማች ደግሞ «ለምን አታምኚም?» ከሚለው ይልቅ ታሪኳን የሚያወጣ ጥያቄ ይጠይቋት፦ ልጅ ሳለሽ ስትጸልዪ ምን ይሰማሽ ነበር? መለወጥ የጀመረው መቼ ነው? ያኔ ከማን ጋር ተማከርሽ? አሁንስ ተስፋ የሚሰጥሽ ምንድን ነው? «ለምን» የሚለው ቃል ሰውን ወደ ችሎት ያቀርበዋል፤ «መቼ» እና «እንዴት» ግን እንዲተርክ ይጋብዙታል። እምነት ደግሞ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ከሕይወት ታሪኩ ጋር የተሸመነ ነገር ነው፤ በማስረጃ ክርክር ብቻ አይመጣም፣ በክርክርም ብቻ አይሄድም።

ስትመልስልዎ የራስዎን ሐሳብ ከመናገርዎ በፊት የነገረችዎን በራስዎ ቃል ይድገሙላት። ታዋቂው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለሚጨቃጨቁ ሰዎች ያቀረቡት ሕግ ይኸው ነበር፦ የሌላውን ሐሳብና ስሜት ባለቤቱ «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» እስኪል ድረስ ሳትደግም የራስህን አትናገር። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ እጅግ ከባድ ነው። ለምሳሌ ልጅዎ «ስጸልይ ምንም አይሰማኝም፤ እያስመሰልኩ እንደሆነ ነው የሚሰማኝ» ብትልዎ፣ ወዲያው ወደ አፍዎ የሚመጣው «እምነትሽ ስለደከመ ነው፤ አጥብቀሽ ጸልዪ» የሚለው ይሆናል። ያኔ ንግግሩ እዚያው ይዘጋል። በምትኩ «ስትጸልዪ ባዶ ሆኖብሻል፤ ለእኛ ስትይ ብቻ የምትቆሚ መስሎሽ ራስሽን ታዝበሻል። በትክክል ተረድቼሻለሁ?» ቢሏት፣ ምናልባት ለማንም ያልነገረችውን ቀጣዩን ነገር ትነግርዎታለች። ሐሳቧን መድገምዎ መስማማትዎን አያሳይም፤ ልጅዎም ይህን ልዩነት ታውቃለች።

አሁን ወደሚያስጨንቅዎ ነገር ልምጣ። ማክበር ማለት እምነትን መደበቅ አይደለም። «ሁሉም ያው ነው» እንዲሉም አልመክርዎትም፤ ካላመኑበት ውሸት ነው፣ እርሷንም እንደማታስተውል ሰው መቁጠር ነው። ተራዎ ሲደርስ በግልጽ ይናገሩ፤ ነገር ግን ስለ ራስዎ ይናገሩ። «ወላጆቼ ሲሞቱ ያቆመኝ ጸሎት ነው፤ ይህ ለእኔ ወሬ አይደለም፤ አንቺም ይህን ብታገኚ እመኛለሁ» የሚል አባት ሕይወቱን ነው የሚሰጠው። «እንዲህ ከቀጠልሽ መጨረሻሽ አያምርም» የሚል አባት ግን ፍርድ ነው የሚሰጠው። የልጅዎ መንገድ ስሕተት መስሎ ከታየዎት ይህንንም አንድ ጊዜ፣ በለሰለሰ ድምፅ መናገር ይችላሉ፤ «አንቺ ግን ልጄ ነሽ፣ ይህ በምንም አይለወጥም» የሚለውን አያይዘው ይንገሯት። አንድ ጊዜ ያልኩት ሆነ ብዬ ነው። የሰማችውን ነገር በየሳምንቱ ሲደግሙባት ትርጉሙ ይለወጥና ማስፈራሪያ ይሆናል። በሕይወትዎ የተጠራጠሩበት ጊዜ ካለ ደግሞ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ያጫውቷት፤ ከሌለ ግን ለማቀራረብ ብለው አይፍጠሩ።

ንግግሩ ሲጋጋል ሰውነትዎን ያዳምጡ። ስለ ባልና ሚስት ግጭት ለረጅም ዓመታት የመረመሩት ጆን ጎትማን እንደሚሉት፣ የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው የሚነገረውን በአግባቡ የመስማት አቅሙ ይዳከማል፤ ለመረጋጋትም ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ድምፅዎ ሲጨምር ከታወቀዎት «ትንሽ አረፍ ብለን እንቀጥል» ይበሉና መቼ እንደምትቀጥሉ ተነጋገሩ፤ ጥሎ መውጣት ግን ሌላ ቁስል ነው።

ዘመዶችን በዚህ ጉዳይ መላክ ያቁሙ። የሃይማኖት አባትን ማነጋገር የምትፈልገው እርሷ ራሷ ስትሆን ብቻ ይሁን። ስለ ማዕዱ ጸሎት አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ቤትዎ ነውና ጸሎቱ ይቀጥላል፣ እርሷም በጸጥታ ትቆማለች፣ አሜን ማለት አለማለቷን ማንም አያነሣም። ከእርሷም የሚጠብቁት ነገር ሊኖር ይገባል፤ በእምነታችሁ እንዳትሳለቅና በታናናሾቿ ፊት እንዳታንኳስስ መጠየቅ መብትዎ ነው። በልጅዎ ላይ ያለው የመከባበር ግዴታ በእርስዎም ላይ አለ።

ባለቤትዎ «አስመስዪ» የሚሏት ቤቱ እንዳይፈርስ ፈርተው እንደሆነ ይገባኛል፤ ሆኖም ይህ ምክር እንዲቀር በፍቅር ያነጋግሯቸው። ዛሬ ስለ ጸሎት እንድታስመስል የተለመነች ልጅ፣ ነገ ሥራ ብታጣ ወይም ትዳሯ ቢናጋ እውነቱን ይዛ ወደዚህ ቤት መምጣት ያስፈራታል። የሚያስመስል ሰው ጸሎት ለእርስዎም ቢሆን የሚፈልጉት ጸሎት አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ነገር በጥንቃቄ ይከታተሉ። ከእምነት መራቅ አብዛኛውን ጊዜ የአስተሳሰብ ጉዞ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ከጀርባው ሌላ ሕመም ይኖራል። ልጅዎ እንቅልፍ ካጣች፣ ትወደው የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላትና ራሷን ከሰው ሁሉ ካገለለች፣ ጉዳዩን የሃይማኖት ብቻ አድርገው አይዩት፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንድታይ ያግዟት። ሕይወቷን ስለ ማጥፋት የምትናገር ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አይጠብቁ፤ ብቻዋን ሳይተዉ በአቅራቢያ ወዳለ የሕክምና ተቋም ይውሰዷት። በቤተ እምነት ውስጥ በምታምነው ሰው ተበድላም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ከነገረችዎ «እርሱ እንዲህ አያደርግም» አይበሏት፣ ለተቋሙም ጥብቅና አይቁሙ። ማን እንዳደረገው ለማጣራት ከቤት ከመውጣትዎ በፊት እንደሚያምኗት ይንገሯት፤ ከእርስዎ ምን እንዲደረግላት እንደምትፈልግም ይጠይቋት።