ባሩዱን ብቀንሰውስ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ ነው። ከአባቴ የወረስኩት ምንሽር አለኝ፣ ፈቃዱም በእጄ ነው። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ በስልክ ሲያጫውተኝ፣ እዚያ ሰዎች ለትልቅ ጠመንጃ ትንሽ ባሩድ አድርገው፣ እቤት ቀልጦ የተሠራ የእርሳስ አረር ገጥመው ጥንቸልና ወፍ ያድናሉ አለኝ። ድምፁም ይቀንሳል፣ ሥጋውንም አይበትንም ይላል። እኔ ደግሞ ጅግራ አስቸግሮኛል፤ የዘራሁትን በቆሎ እየጫረ ጨረሰብኝ። ከጥይቱ ላይ ባሩዱን ግማሹን ገልብጬ ብሞክረው ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ቁርጡን ልንገርዎት፦ ግማሹን መገልበጥ የሚሉትን ነገር በፍጹም አይሞክሩት። የአክስትዎ ልጅ አልዋሸም። ግን እነሱ የሚያደርጉትና እርስዎ ያሰቡት ለየቅል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 10 ግራም የሚመዝን ጥይት በሰከንድ 800 ሜትር ሲበር 3,200 ጁል ጉልበት ይዟል። ይህ ድኩላ ይጥላል። ጅግራ ላይ ካረፈ የሚተርፈው ላባ ነው። ያው 10 ግራም በሰከንድ 350 ሜትር ብቻ ቢሄድ ጉልበቱ ወደ 600 ጁል ይወርዳል፣ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። በዚህ ፍጥነት መዳብ ያልለበሰ እርሳስ ይበቃል፣ በስቶ ያልፋል እንጂ ሥጋ አይበትንም። ለኛ አገር ይህ አዲስ ነገርም አይደለም። አያቶቻችን የታጠቁት ውጅግራ፣ ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት ባለ 11 ሚሊሜትሩ፣ የሚተኩሰው በወረቀት የተጠቀለለ 25 ግራም እርሳስ ነበር፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ነው።

እርሳስ ለስላሳ ነው። በኃይል ከገፉት የጠመንጃው ቱቦ ውስጥ በተቆረጠው ጥምዝ መስመር ላይ እየተላጠ ይለጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ዒላማ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ቆርቆሮና አንቲሞኒ የሚባሉ ብረቶች ቀላቅለው ያጠነክሩታል፣ አረሩን ከቱቦው በጥቂቱ አስበልጠው ይሠሩታል፣ ሰምና ቅባት ይቀቡታል። ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ክፍል ነው።

ከባዱ ባሩዱ ነው። ባሩድ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላል፣ ግን አይደለም። ፈጥኖ የሚነድ አለ፣ ቀስ ብሎ የሚነድ አለ። በምንሽር ጥይት ውስጥ ያለው ቀስ ብሎ የሚነደው ነው፤ ቀለሁን ሞልቶ፣ ከባድ ጥይት እየገፋ፣ ግፊቱ ከፍ ሲል ብቻ በደንብ እንዲነድ ታስቦ የተሠራ። ግማሹን ሲገለብጡት ሁለት ነገር ሊመጣ ይችላል። አንደኛው፣ ሳይነድ ይቀርና ጥይቱ መንገድ ላይ አፈሙዙ ውስጥ ይወተፋል። ሰውየው ከሸፈ ብሎ ሁለተኛውን ያጎርሳል፣ ቃታ ይስባል፣ ጠመንጃው ፊቱ ላይ ይፈነዳል። ሁለተኛው ደግሞ የባሰ ነው። ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ በጣም ሲቀነስ፣ ቀለሁ ውስጥ ተኝቶ ሳለ እሳቱ ባልተጠበቀ መንገድ ይይዘውና ግፊቱ ከሙሉ ጥይት በላይ ሲዘል ታይቷል። በምን ምክንያት እንደሆነ ባለሙያዎቹ እስካሁን ይከራከራሉ፤ የተሰነጠቀ ጠመንጃ ግን ክርክር አያሻውም።

አሜሪካኖቹ እንዲህ አያደርጉም። ፈጥኖ የሚነድ ባሩድ ለብቻው ይገዛሉ፣ በግፊት መለኪያ ተፈትሾ በታተመ ሠንጠረዥ መሠረት በሚዛን ይለካሉ፣ ከተጻፈውም በታች አይወርዱም። እንዲያም ሆኖ አደጋ አለው። ፈጣኑ ባሩድ በጣም ትንሽ ስለሆነ ያንን ትልቅ ቀለህ ሩቡን እንኳ አይሞላውም፤ ሰው ሐሳቡ ከተከፈለና ያንኑ ቀለህ ሁለቴ ከሞላው ከውጭ አይታወቅም። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀለህ በባትሪ ብርሃን ውስጡን ያያሉ። እዚህ ያ ባሩድም፣ ያ ሠንጠረዥም በእጅዎ የለም። ያለ መለኪያ በግምት የሚሠራ ጥይት ጥይት አይባልም።

ቢሳካልዎትስ? ጅግራዋን ይስቷታል። በሙሉ ኃይል የሚሄደው ጥይት 50 ሜትር ላይ 2 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ይላል፣ የተቀነሰው 10 ያህል። የምንሽሩ ማነጣጠሪያ የተቆረጠው ለመጀመሪያው ነው። አቁስለው ሲሰዷት ጫካ ገብታ ትሞታለች። የኛ ሰው ደግሞ ወድቃ ሳትሞት ደርሶ በስመ አብ ብሎ ካላረዳት አይበላትም፤ ታዲያ ለማን ነው የተገደለችው?

ሕጉንም ልጨምርልዎት። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም አለ፣ የመያዝ ፈቃድ ማለት ጥይት እቤት የመሥራት ፈቃድ ማለት አይደለም። በዚያ ላይ የጣና ዙሪያ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው።

ለበቆሎዎ የሚበጀው ይህ ነው። ጅግራ ሌሊት ዛፍ ላይ ያድራል፣ ማሳ የሚወርደው ጠዋት በማለዳና አመሻሽ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ማቆም አያስፈልግም። ማማ ሠርተው በእነዚህ ሰዓቶች ብቻ ወንጭፍ የሚያውቅ ልጅ ያስቀምጡ፣ በተለይ ከተዘራበት ቀን አንስቶ ቡቃያው ሥር እስኪይዝ ድረስ። ከዚያ ወዲያ ጭሮ የሚያወጣው ዘር አይኖርም። ጉዳቱ ከበረታ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ በጽሑፍ ያስመዝግቡ፤ በቃል የተነገረ አቤቱታ ወረዳ አይደርስም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ዓሣ አጥማጅ ነው። ለመረቡ ክብደት ብሎ የአሮጌ መኪና ባትሪ እርሳስ ጓሮ ውስጥ ያቀልጣል። አሁን ደግሞ ከጓደኛው ጋር ሆኖ አረር መሥራት ጀምሯል። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን፣ ሦስተኛ አርግዣለሁ። ጭሱ ያስፈራኛል፣ እሱ ግን ምንም አይልም እያለ ነው። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ አንቺ ነሽ ልክ እህቴ፣ በጣም ልክ ነሽ። እባክሽ ይህን መልስ ለእሱም አንብቢለት።

እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ በከሰል እሳት ይደረሳል፣ ለዚህ ነው ቀላል የሚመስለው። የባትሪ እርሳስ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ንጹሕ ብረት አይደለም፣ በአሲድና በእርሳስ ውህድ ዱቄት የተለወሰ ነው፣ ሲቃጠል ጭሱና ብናኙ መርዝ ይሆናል። በውጭ አገር አረር የሚያፈስሱ ሰዎች እንኳ የባትሪ እርሳስ አይነኩም። ብናኙ አፈሩ ላይ ያርፋል፣ ልጆቹ በዚያ አፈር ይጫወቱና እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጅ ጉዳት የሌለው የሚባል የእርሳስ መጠን የለም ይላል። አእምሮን ነው የሚጎዳው፣ የተጎዳው ደግሞ አይመለስም። በእናት ደም በኩል ወደ ፅንሱም ያልፋል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ይቁም። የቀለጠበት ድስት ሁለተኛ ማዕድ ቤት አይግባ። የሚያቀልጥበትን ልብስ ከልጆቹ ልብስ ጋር አትጠቢው። ቦታውን በደረቁ አትጥረጊው፣ ብናኙ ይነሳል፤ በውኃ ይርጠብና (አንቺ ሳትሆኚ ሌላ ሰው ቢያደርገው ይሻላል) አፈሩ ተገፎ ልጆችና ዶሮዎች ከማይደርሱበት ይቀበር። ለእርግዝና ክትትል ስትሄጂ ነገሩን ሳትደብቂ ንገሪያቸው፣ ለአንቺም ለልጆቹም በደም ውስጥ ያለ የእርሳስ መጠን ምርመራ የት እንደሚገኝ ጠይቂ። ለመረቡ ድንጋይ ይበቃል።

ጥያቄ፦ በተቀነሰ ባሩድ የሚተኮስ ጥይት ሩቅ ስለማይሄድ ሐይቁ ዳር ዳክዬ ለመተኮስ ይሻላል የሚሉ ልጆች አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ የለም፣ እንዲያውም የባሰ ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ድቡልቡል እርሳስ ውኃን በዝቅተኛ ማዕዘን ሲመታ አይሰምጥም፣ ነጥሮ ይሄዳል። ወዴት እንደሚነጥር የሚያውቅ የለም። «ደካማ» የሚሉት ጥይት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፣ ሰው ይገድላል። የጣና ዳርን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ደንገሉ ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ ከጀርባው ታንኳ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ይኖራል፣ ደንገል የሚያጭድ ይኖራል፣ አይታይም። ከዚያም ውኃው ውስጥ የሚቀረው እርሳስ አለ። በሌሎች አገሮች ወፎች አዳኞች የሚበትኑትን ትንንሽ የእርሳስ እንክብል ጠጠር መስሏቸው እየዋጡ ስለሚሞቱ፣ አሜሪካ በ1991 እ.ኤ.አ. ለዳክዬ አደን፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. በረግረግ ቦታዎች የእርሳስ እንክብል ከልክለዋል። በበጋ ጣና ላይ የምናያቸው ብዙዎቹ ወፎች ከአውሮፓ ተነስተው የመጡ ናቸው። ልጆቹ ሲተኩሱ ካያችኋቸው ለወላጆቻቸው ንገሩ፣ ካልሰሙ ለቀበሌው ሚሊሻ።