መሐል ላይ የዘጋችኋቸው የአጋታ ክሪስቲ መጻሕፍት

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አጋታ ክሪስቲ ናቸው፤ ያውም ሁሉ ስለሚያወድሳቸው መጻሕፍቷ ሳይሆን አንባቢ ጀምሮ ስለተዋቸው። ክሪስቲ 66 የወንጀል ልብ ወለዶችን ጽፋለች። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ደካማ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። ዋናው የትኛው በምን ምክንያት እንደደከመ ማወቅ ነው፤ ምክንያቱን ያወቀ አንባቢ ቀጣዩን መጽሐፍ ሲመርጥ አይሳሳትም። ገዳዩን የሚያጋልጥ ነገር ከዚህ በታች የለም፤ ሳትሰጉ አንብቡ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«የመጨረሻ ሥራዋ ነው ብለውኝ ‹ፖስተርን ኦፍ ፌት›ን ገዛሁ። መቶ ገጽ ገፍቼ ምን እንደተፈጸመ እንኳ አልገባኝም። ችግሩ የእኔ እንግሊዝኛ ነው?»

አይደለም። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት አንባቢዎችም የክሪስቲን ደካማ መጽሐፍ ጥቀሱ ሲባሉ ቀድመው የሚያነሱት ይህንኑ የ1973 መጽሐፍ ነው።

አጀማመሩ ግን ያማረ ነው። ጡረታ የወጡት ባልና ሚስት ቶሚና ተፐንስ አንድ አሮጌ ቤት ይገዛሉ፤ የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች የተዉት የልጆች መጻሕፍትም አብሮ ይደርሳቸዋል። ተፐንስ ከመካከላቸው የስቲቨንሰንን «ዘ ብላክ አሮው» ስትገልጥ በአንዳንድ ፊደላት ሥር ተሰምሮባቸው ታያለች። ፊደላቱን አንድ በአንድ ለቅማ ስትገጣጥማቸው ሜሪ ጆርዳን የምትባል ሴት በተፈጥሮ ሞት እንዳልሞተች፣ ገዳይዋም «ከእኛ አንዱ» እንደሆነ የሚናገር መልእክት ይወጣል። ክሪስቲ በደህናው ዘመኗ ከዚህ ፍንጭ ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ታወጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የሚላላው። መንደርተኛው ሁሉ ይጠየቃል፤ ሁሉም ድሮ የሆነ ነገር ሰምቶ ነበር፤ የተባለው ወሬ ጥቂት ምዕራፎች ቆይቶ እንደ አዲስ ይመለሳል። ደህና የወንጀል ልብ ወለድ ውስጥ እያንዳንዱ ምልልስ ወይ አንድ ተጠርጣሪ ያስወጣል ወይ አንድ ያስገባል። እዚህ ግን ሃያ ገጽ ዘልለው ቢያነቡ የሚጎድልብዎ ነገር አይኖርም፤ የተጠርጣሪዎቹ ዝርዝርም እስከ መጨረሻው አይጠራም።

ምክንያቱ ሁለት ነው። መጽሐፉ ሲወጣ ደራሲዋ 83 ዓመቷ ነበር። ሁለተኛው አሠራሯ ነው፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ድምፅ መቅጃ ትጠቀም ነበር። በቃል ማስጻፍ ነገር እንደሚያንዛዛ፣ በእጅ ወይም በታይፕ መጻፉ ግን ከጉዳዩ እንዳትወጣ እንደሚረዳት በግለ ታሪኳ ራሷ ተናግራለች። እንዲህ የተቀዳ ትረካ ጠንካራ አርታኢ ይፈልጋል። ይህኛው ሲታተም በበቂ አልተቆረጠም።

ቶሚና ተፐንስን ከወደዷቸው በ1922ቱ «ዘ ሲክረት አድቨርሰሪ» ይጀምሩ። እዚያ የሁለቱ ዕድሜ ተደምሮ 45 አይሞላም። ክሪስቲ ከገጸ ባሕርያቷ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ከዘመኑ ጋር አብረው እንዲያረጁ አድርጋለች፤ ይህ ራሱ በቅደም ተከተል ለማንበብ በቂ ምክንያት ነው። ከዚያ የ1929ኙን «ፓርትነርስ ኢን ክራይም»፣ የ1941ዱን «ኤን ኦር ኤም»፣ የ1968ቱን «ባይ ዘ ፕሪኪንግ ኦፍ ማይ ተምብስ» ያንብቡና እዚያ ላይ ያቁሙ።

«‹ኤለፋንትስ ካን ሪሜምበር›ን ስትጽፍ የመርሳት በሽታ ነበረባት ይባላል። እውነት ነው?»

በሕይወት ሳለች እንዲህ ያለ በሽታ እንዳለባት የተረጋገጠበት ምርመራ የለም። ወሬው የመጣው በ2009 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ከተሠራ ጥናት ነው። ኢያን ላንክሻየርና ግሬም ኸርስት የተባሉ ተመራማሪዎች በተለያየ ዕድሜዋ የጻፈቻቸውን ልብ ወለዶች በኮምፒዩተር አነጻጸሩ። የቆጠሩት ሦስት ነገር ነው፤ ስንት የተለያዩ ቃላት እንደተጠቀመች፣ ስንት ሐረግ እንደደጋገመች፣ «ነገር»ን እና «የሆነ ነገር»ን የመሰሉ ድፍን ቃላት ምን ያህል እንደበዙ። በ81 ዓመቷ የጻፈችው ይህ የ1972 መጽሐፍ በ63 ዓመቷ ከጻፈችው ጋር ሲተያይ የቃላቱ ስብጥር በ30 በመቶ ገደማ አንሷል። ተመራማሪዎቹ ይህ ከመርሳት በሽታ ጋር የሚሄድ ምልክት ነው አሉ፤ ምልክት ግን የሐኪም ማረጋገጫ አይደለም።

ኮምፒዩተር የሌለው አንባቢም ጉድለቱን ማየት ይችላል። እርሳስ ይያዙና አንድ ነገር ብቻ ይከታተሉ፤ አሮጌው ወንጀል የተፈጸመው ከስንት ዓመት በፊት ነው? አንድ ጄኔራልና ሚስቱ በጥይት ተመትተው ሞተው ተገኝተዋል፤ ማን ማንን ገደለ የሚለው ነው ጥያቄው። ዓመቱ በተጠቀሰ ቁጥር ኅዳጉ ላይ ቢጽፉት ቁጥሮቹ አይስማሙም። መፍትሔዋን በቀን፣ በሰዓትና በባቡር መርሐ ግብር ላይ ስትገነባ ለኖረች ደራሲ ይህ ትልቅ ስብራት ነው።

የጥንት ወንጀልን ከሰዎች ትዝታ መቆፈር የሚለው ሐሳብ ከማረከዎ «ፋይቭ ሊትል ፒግስ»ን ያንብቡ። ከ16 ዓመት በፊት የሞተ ሠዓሊ፣ አምስት ምስክር፣ አምስት የጽሑፍ ቃል ነው። ያው ሐሳብ ነው፤ እዚያ ግን እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ቦታውን ይዟል።

«‹ዘ ቢግ ፎር› የተቆራረጠብኝ ለምንድን ነው? አንድ ታሪክ ሲጀምር ወዲያው ወደ ሌላ ይሄዳል።»

ከመነሻው አንድ ታሪክ ስላልነበረ ነው። ክሪስቲ በ1924 «ዘ ስኬች» በተባለ መጽሔት አሥራ ሁለት አጫጭር ታሪኮች አውጥታ ነበር። 1926 ለእሷ የመከራ ዓመት ሆነ፤ እናቷ ሞተች፤ ትዳሯ ፈረሰ፤ በታኅሣሥ ወር ለ11 ቀናት ደብዛዋ ጠፍቶ ሃሮጌት ከተማ በአንድ ሆቴል ተገኘች። አሳታሚ መጽሐፍ ይጠብቃል፤ እሷ ለመጻፍ አቅም የላትም። የባሏ ወንድም እነዚያን ታሪኮች ሰፍቶ እንደ ልብ ወለድ ለማውጣት ሐሳብ አቀረበ፣ በሥራውም አገዛት፤ በ1927 መጀመሪያ ታተመ። ስፌቱ እስከ ዛሬ ይታያል። በየምዕራፉ አዲስ ሟች ይመጣል፣ መርማሪው ፕዋሮ ይፈታዋል፣ ዓለምን ሊገዛ የተነሣው የአራት ሰዎች ቡድን አንዱ ግን ያመልጣል።

እንደ ልብ ወለድ ከማንበብ እንደ ተከታታይ አጫጭር ታሪክ፣ በቀን አንድ ምዕራፍ ቢያነቡት በጣም ይሻላል። ሁሉንም ማንበብ ካልፈለጉ የቼዙን ምዕራፍ ብቻ ያንብቡ። አንድ ወጣት ተጫዋች ጨዋታው ሳያልቅ ሰሌዳው ላይ ይሞታል፤ ፕዋሮ መልሱን የሚያገኘው ከቼዙ ጠጠሮች ነው። ያ ምዕራፍ ብቻውን ጥሩ የክሪስቲ ሥራ ነው።

«በዚሁ መጽሐፍ ቻይናውያን የተሣሉበት መንገድ አስጠላኝ። ሌሎቹም እንዲህ ናቸው?»

ስሜትዎ ትክክል ነው። የሴራው ጭንቅላት ቻይናዊ፣ ክፋቱም ከምሥራቅ የሚመጣ ተደርጎ መሣሉ የዚያ ዘመን ርካሽ ልብ ወለድ ልማድ ነበር፤ ክሪስቲም ሳትመረምር ተቀብላዋለች። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ መጻሕፍቷ አይሁዳውያንን በንቀት የሚገልጹ መስመሮችም አሉ። በ1939 የወጣው፣ ዛሬ «ኤንድ ዜን ዜር ወር ነን» የሚባለው ዝነኛ መጽሐፏ እንግሊዝ ውስጥ የታተመው ጥቁሮችን በሚሰድብ ርእስ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በ1940 ሲታተም ርእሱ ተለወጠ፤ እንግሊዝ ውስጥ ግን እስከ 1985 ቆይቷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አሳታሚው ሃርፐር ኮሊንስ በአንዳንድ አዳዲስ እትሞች ውስጥ እንዲህ ያሉ ቃላትን አውጥቷል ወይም ለውጧል። ስለዚህ በእጅዎ ያለው ቅጂ የትኛው እንደሆነ ከርእሱ ጀርባ ያለውን የእትም ዓመት ይመልከቱ። አሮጌው እትም ታሪኩን እንዳለ ያሳያል፤ ለልጅ የሚሰጡ ከሆነ ግን አዲሱን ይምረጡ።

«‹ፓሴንጀር ቱ ፍራንክፈርት› ውስጥ መርማሪው የት ሄደ?»

የለም። የ1970ው መጽሐፍ የስለላ ልብ ወለድ ነው፤ የወጣውም 80ኛ ዓመት ልደቷን ምክንያት በማድረግ ነበር። የመጀመሪያው ምዕራፍ ከኋለኛው ዘመን ጽሑፏ ሁሉ ምርጡ ሊባል ይችላል። አውሮፕላን በአየር ጠባይ ምክንያት ፍራንክፈርት ያርፋል። አንዲት የማትታወቅ ሴት አንድ እንግሊዛዊ ዲፕሎማት ዘንድ ቀርባ ካባውንና ፓስፖርቱን ካላዋሳት እንደምትገደል ትነግረዋለች። እሱም ይስማማል፤ ተዘርፎ የተኛ እንዲመስል ማደንዘዣ ያለበትን ቢራውን ጠጥቶ ይተኛል።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉ የስብሰባ መጽሐፍ ይሆናል። ሚኒስትሮች፣ ጄኔራሎችና ሳይንቲስቶች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስለ ዓለም ወጣቶች ዐመፅ ያወራሉ። የክሪስቲ ችሎታ ጠባብ ቦታ ላይ ነው፤ አንድ ቤት፣ አንድ ባቡር፣ አንድ ደሴት፣ ስምንት ወይም አሥር ሰው፣ ከእነዚያ አንዱ ይዋሻል። ዓለም አቀፍ ሴራ ውስጥ ተጠርጣሪው ሁሉም ሰው ስለሚሆን አንባቢ የሚገምተው ነገር ያጣል። የስለላ ታሪኳን መቅመስ ከፈለጉ የ1924ቱን «ዘ ማን ኢን ዘ ብራውን ሱት» ይሞክሩ፤ ሴራው እዚያም አይታመንም፣ ግን ይሮጣል፤ ተራኪዋ ልጅም ሕይወት አላት።

«‹ዘ ክሎክስ› ላይ ፕዋሮ እስኪመጣ ጠብቄ ጠብቄ ደከመኝ።»

በዚህ የ1963 መጽሐፍ ፕዋሮ በአብዛኛው ከቤቱ ሳይወጣ የሰው ትረካ ሰምቶ የሚፈታ ስለሆነ የሚታየው ጥቂት ነው። በ1959ኙ «ካት አመንግ ዘ ፒጅንስ»ም የሚደርሰው ታሪኩ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ነው። ክሪስቲ በፕዋሮ ተሰላችታ እንደነበር አልደበቀችም። አሪያድኒ ኦሊቨር የምትባለው ልብ ወለዳዊ ደራሲ የፈጠረችውን የፊንላንድ መርማሪ ስታማርር የምትናገረው የክሪስቲን የራሷን ምሬት ነው። አንባቢን ይበልጥ የሚያስከፋው ግን ሰዓቶቹ ናቸው። ሬሳው በተገኘበት ክፍል ውስጥ አራት ሰዓቶች 4፡13 ላይ ቆመዋል፤ አንባቢ ይህ ሁሉ ዝግጅት የሚመጥነውን መልስ ይጠብቃል። የሚያገኘው ያን ያህል አይደለም።

«እሷ ራሷ የምትጠላው የትኛውን ነበር?»

የ1928ቱን «ዘ ሚስትሪ ኦፍ ዘ ብሉ ትሬን»። ከባሏ ጋር ከተለያየች በኋላ፣ ገንዘብ አስፈልጓት፣ ካናሪ ደሴቶች ላይ ሆና እየታገለች የጨረሰችው ነው፤ ሴራውንም ቀድሞ ከጻፈችው አጭር ታሪክ ነው የወሰደችው። ከአማተርነት ወደ ባለሙያነት የተሻገርኩት ያን ጊዜ ነው ብላለች፤ ባይፈልጉም፣ የሚጽፉት ባይጥምም መጻፍ የግድ የሚሆንበት ቀን። አንባቢ ግን እንደ እሷ አይጠላውም። መካከለኛ መጽሐፍ ነው፤ ባቡሩም ያምራል። ከምትወዳቸው መካከል ደግሞ «ክሩክድ ሃውስ»ንና «ኦርዲል ባይ ኢኖሰንስ»ን ትጠቅስ ነበር።

«አዲስ መስሎኝ የገዛሁት ቀድሞ ያነበብኩት ሆኖ ተገኘ። አሮጌ መጻሕፍት ስገዛ እንዴት ልጠንቀቅ?»

የአሜሪካና የእንግሊዝ አሳታሚዎች ለአንድ መጽሐፍ ሁለት ርእስ ሲሰጡ ኖረዋል፤ አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ ሁለቱም ጎን ለጎን ይገኛሉ። ብዙ ጊዜ የሚያሳስቱት እነዚህ ናቸው፦ «ሎርድ ኤጅዌር ዳይስ» እና «ሠርቲን አት ዲነር» አንድ ናቸው። «ፋይቭ ሊትል ፒግስ» አሜሪካ ውስጥ «መርደር ኢን ሬትሮስፔክት» ነው። «ደምብ ዊትነስ» «ፕዋሮ ሉዝስ ኤ ክላየንት» ተብሏል፤ «አፍተር ዘ ፊውነራል» ደግሞ «ፊውነራልስ አር ፌታል»። «ዴስቲኔሽን አንኖውን» «ሶ ሜኒ ስቴፕስ ቱ ዴዝ» ሆኖ ወጥቷል። በርእሱ ብቻ አይግዙ። የመጀመሪያውን ገጽ ቆመው ያንብቡ፤ ከርእሱ ጀርባ ያለው ገጽም ሌላ ርእስ ካለው አብዛኛውን ጊዜ ይጠቅሰዋል።

«የኋለኞቹ መጻሕፍት ደካማ ከሆኑ በ1975 የወጣውን ‹ከርተን›ንም ልተወው?»

በፍጹም አይተዉት። የታተመበት ዓመት ያሳስታል። «ከርተን»ን እና በ1976 ከሞተች በኋላ የወጣውን የሌላዋን መርማሪዋን የሚስ ማርፕልን መጽሐፍ «ስሊፒንግ መርደር»ን የጻፈቻቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው፤ ጽፋም አስቀመጠቻቸው። ስለዚህ የኋለኛው ዘመን ድካም አይታይባቸውም። «ከርተን» የፕዋሮ መጨረሻ ስለሆነ ሌሎቹን ካነበቡ በኋላ ይያዙት። ከሁሉም በላይ ግን በ1920 የወጣውን የመጀመሪያውን፣ «ዘ ሚስቲሪየስ አፌር አት ስታይልስ»ን፣ አስቀድመው ያንብቡ። ፕዋሮና ወዳጁ ሄስቲንግስ በመጨረሻው መጽሐፍ የሚገናኙት እዚያው የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ነው፤ ስታይልስ ግን አሁን ክፍል የሚያከራይ የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል።