እናቴ ረቡዕ ዕለት ወተቱን ስታይ ፊቷን ታዞራለች

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምንኖረው ሱሉልታ ነው። እናቴን ስትሮክ ከመታት አምስት ሳምንት ሆናት። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም። የምንላትን ትሰማለች፣ መናገር ግን አልቻለችም። በአፏ ስንሰጣት ትን ስለሚላት በአፍንጫዋ ቱቦ ገብቶላት በእሱ ወተትና አጥሚት እንሰጣታለን። አሁን ሐኪሙ ቱቦው በሆዷ በኩል ቢገባ ይሻላል አለን። ጎረቤቶች ደግሞ «ገላዋን አታስበሷት፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወስዳችሁ ጸበል አጠጧት» ይላሉ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ረቡዕና ዓርብ ወተቱን ስታይ ፊቷን ማዞሯ ነው። ፍልሰታም ሊገባ ነው። አጥፍተን ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ለእናትሽ ምሕረቱን ይላክላቸው። አላጠፋችሁም።

ከቱቦው ልጀምር። ማንኪያው ረዘመ እንጂ ምግቡ ያው ምግብ ነው። ጌታ የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ካስነሣት በኋላ የምትበላውን እንዲሰጧት አዝዟል (ማር. 5፥43)። ሙት ያስነሣ አምላክ ያለ እህል ሊያኖራት አቅቶት አይደለም። ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው ይላል። ስለዚህ ሐኪም ቤትና ጸበል የተጣሉ አይምሰላችሁ።

በሆድ በኩል ስለሚገባው ብዙ አልልም። የአፍንጫው ቱቦ ለአጭር ጊዜ ነው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ካለፈ አፍንጫና ጉሮሮ ሊቆስል፣ በሽተኛውም ሊነቅለው ይችላል። የሆዱ ቱቦ በትንሽ ቀዳዳ በቀጥታ ጨጓራ ውስጥ ይገባል። መዋጥ ከተመለሰ ይወጣል፤ ከስትሮክ በኋላ ደግሞ መዋጥ የሚመለስላቸው ብዙ ናቸው። ሐኪሙን «የእሳቸው ተስፋ እንዴት ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ገላን መብሳት ለተባለው፣ ጆሯችን ለጉትቻ ሲበሳ የጮኸ ጎረቤት አላስታውስም። አንድ ነገር ግን ያዢ፦ የሆዱ ቱቦ በድንገት ከወጣ ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ መጥበብ ይጀምራል። እዚያው ቤት ለመመለስ አትታገሉ፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው።

አሁን ወደ ጸበሉ። የአጎቴን ነገር ልንገርሽ። እሱም እንደ እናትሽ ስትሮክ መትቶት ነበር። እኛ በቅንነት አንድ ኩባያ ጸበል በአፉ አጠጣነው። ኩባያውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ብዙም አላሳለውም፣ «ተመስገን፣ ዋጠው» ተባባልን። በሦስተኛው ቀን በሳንባ ምች ሆስፒታል ገባ። ስትሮክ የጉሮሮን ጡንቻ ሲያደክም ወደ ሆድ መውረድ ያለበት ወደ ሳንባ ይሄዳል። ውኃ ቀጭንና ፈጣን ስለሆነ ደግሞ ዋናው አስቸጋሪ እሱ ነው። አንዳንዱ በሽተኛ ሳይስል፣ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ሳንባው ይገባበታል። ያኔ ጸበሉን አመንን፣ የአጎቴን ጉሮሮ ግን አላየንለትም። ስለዚህ ለእናትሽ ጸበሉን ርጩላቸው፣ ፊታቸውንና እጃቸውን እጠቡላቸው፣ ካህን ይባርካቸው። ሐኪሙ መዋጥ ይችላሉ እስኪል ድረስ በአፋቸው አትስጧቸው። ጎረቤት ቢቆጣ እኔ ነኝ የከለከልኩት በይ።

የጾሙ ነገር ነው ልቤን የነካው። ሱሉልታ ወተት ሞልቷል፤ እናትሽም ዕድሜያቸውን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ ያንን ወተት እያዩ ያለፉ ሰው ይሆናሉ። አሁን ልጃቸው በስሪንጅ ስትሰጣቸው ምን እንደሚሰማቸው አስቢው። ፊታቸውን ማዞራቸው እኮ ጸሎት ነው። ግን የጾም ሥርዓት ሕመምተኛን አያስርም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲናገር የታመመውን ለይቶ ያወጣዋል። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ምግቡም መድኃኒቱም በሰዓቱ መግባት አለበት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆይ አይባልም።

ይህን አንቺ ብትነግሪያቸው ግን አይበቃም። የንስሐ አባታችሁን ቤት ጥሪያቸው። አልጋው አጠገብ ቆመው፣ ስማቸውን ጠርተው፣ «ልጄ፣ ከጾሙ ፈትቼሻለሁ፣ ወተቱን ውሰጂ» ብለው ጮክ ብለው ይንገሯቸው። ስለሚሰሙ ከአንቺ አሥር ምክር የካህኑ አንድ ቃል ያሳርፋቸዋል። ይህም ሆኖ ካልተረጋጉ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ በጾም ቀን ወተቱን በአኩሪ አተር ወይም በለውዝ ወተት መተካት ይቻል ይሆናል። ቀጭን አጥሚት ብቻውን ግን ሰው አያቆምም። ወፍራም ከሆነ ደግሞ ቱቦውን ይደፍነዋል፤ በጨርቅ ወይም በወንፊት አጥልሉት፣ ከምግቡ በፊትና በኋላ ቱቦውን በንጹሕ ውኃ እጠቡት።

ፍልሰታም ሊገባ ነው ላልሽው አንድ ሐሳብ አለኝ። ምግብ ሲገባላቸው ትራስ ደግፋችሁ ከወገባቸው ቀና አድርጓቸው። ካለቀም በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት እንደዚያው ይቆዩ፤ ወዲያው ማስተኛት ምግቡን ወደ ላይ ይመልሰዋል። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ያኔ አንብቢላቸው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ እሳቸውም ሱባኤ ገቡ ማለት ነው።

ካህኑ ሲመጡ ስለ ቀንዲልም፣ ለሕሙማን ስለሚቀባው ቅዱስ ዘይት፣ ጠይቂያቸው። የሚቀባ ስለሆነ መዋጥ አይፈልግም፤ ቅዱስ ያዕቆብም የታመመ ካህናትን ይጥራ፣ ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ያለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው (ያዕ. 5፥14)። ቅዱስ ቁርባኑን ግን እኔ ከዚህ ሆኜ የምቆርጠው አይደለም። ጠብታ እንኳ መዋጥ ይችሉ እንደሆነ መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቂ፣ መልሱን ይዘሽ ለንስሐ አባታችሁ ንገሪ። ታዲያ ቀደም ብለሽ ይሁን፣ ካህኑ ዕርፈ መስቀሉን (የቁርባኑን ማንኪያ) ይዘው ከቆሙ በኋላ አይደለም።